የሞተሩ አፍ

በዚያ ክረምት መለዋወጫ አልመጣም። ከአየር ኃይሉ ዘጠኝ ተዋጊ ጄቶች ሰባቱ ለሁለቱ ዕቃ እያዋጡ ባዶ ቀፎ ሆኑ። ጎበዝ ጎበዙ መካኒክ አንድ በአንድ ለቀቀ። ሰው ሲጠፋ ጊዜ፣ ጎማ ክፍል የተወረወረው ሽማግሌ መካኒክ ትዝ አላቸውና ወደ ሞተር መለሱት።

ጎማ ክፍል የገባው በአማቹ ሰበብ ነው። የሚስቱ ታናሽ ወንድም አብራሪ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የጄቱን አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና አድርጎ ሲያርፍ፣ ከኋላ እሳት የሚተፋውን የሞተሩን አፍ ከአስፋልት ጋር አፋተገው፤ ሪፖርቱ ላይ ግን “የመካኒክ ስህተት” ብሎ ጻፈ። ሽማግሌው ለሚስቱ ሲል ዋጠው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እሱ ስድስት ዓመት ጎማ ነፋበት። ሚስቱም ጥፋቱ የእሱ መስሏት “ዕድሜ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ” እያለች ታጽናናው ነበር። ከሁሉ የከበደው ይኸው ማጽናናቷ ነው።

የአየር ትርኢት ቀን ደረሰና እንግዶች መጡ። አብራሪው አማቹ ሁልጊዜ የሚጨበጨብለትን ሊሠራ ነው፤ ሽቅብ ይወጣና ፍጥነቱ ሲያልቅ እዚያው አፍንጫውን ያዞራል። ክንፍ የሚታዘዘው አየር ሲነፍስበት ነው፤ ፍጥነት ካለቀ ጌጥ ነው። ያኔ የሚያዝዘው የሞተሩ አፍ ነው። አፉ ዞሮ እሳቱን ወደ ላይ ሲተፋ ጅራቱ ወደ ታች ይገፋል፣ አፍንጫው ይነሳል። ሌላ ጄት ሰፊ ክብ ሠርቶ የሚዞረውን፣ ይህኛው ባለበት ይዞረዋል። ጭብጨባው ግን ለአብራሪው ነው።

ሁለቱም ሞተሮች ተነሱ። ሽማግሌው ከጅራቱ ጎን ቆሞ፣ በጆሮ ማዳመጫው “እጀታውን ወደ ኋላ ሳብ፤ አፎቹን ልያቸው” አለ።

“ጋሼ፣ እንግዶቹ ቆመዋል።”

“ይቁሙ። እግር አላቸው።”

“ትናንት ተፈትሿል እኮ። ጎማ መሰለህ እንዴ፣ በየቀኑ የሚለካ?”

“ጎማማ ሲተነፍስ ይሰማል። ሳብ።”

ሳበ። የግራው አፍ ወደ ላይ ዞረ፤ የቀኙ ወደ ታች። ከሞተው ጄት የነቀሉትን የግራ ዕቃ ለቀኝ ተክለውታል።

“አጥፋና ውረድ።”

አብራሪው ወርዶ አየ። “እላይ ሆኜ ብስበው ኖሮ...”

“እንግዶቹ ሳያጨበጭቡ ይሄዱ ነበር።”

ትርኢቱ ተሰረዘ። አብራሪው በበረራ ልብሱ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ “ያ ሪፖርት ውሸት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይስተካከልልኝ” አለ።

ጸሐፊዋ ፈልጋ ፈልጋ፣ “እንዲህ ያለ ሪፖርት የለንም” አለችው።

“ታዲያ ሰውየው ስድስት ዓመት ጎማ ክፍል ምን ይሠራ ነበር?”

“ጎማ ይነፋ ነበራ። የሌለ ወረቀት አላስተካክልም፤ መጀመሪያ ይኑር።”

ቁጭ ብሎ ውሸቱን እንደገና ጻፈው፤ ከሥሩ እውነቱን ጨመረ። ማኅተም ተመታበት።

ሽማግሌው አንብቦ መለሰለት። “ይህ ለቢሮው ነው። የኔ ጉዳይ ያለው እህትህ ጋ ነው።”

ከሥራ መልስ አብረው ሽማግሌው ቤት ገቡ። አብራሪው ሳይቀመጥ፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሰምታ ስትጨርስ ወደ ባሏ ዞረች።

“ስድስት ዓመት ሙሉ ሳጽናናህ ዝም ብለህ ትሰማኝ ነበር?”

“ምን ላድርግ፣ ወንድምሽ ነው።”

ወንድሟን ቁጭ በል አላለችውም። ለባሏ ወንበር ሳበችለት።