ዴኦሊንዳ የሰፋችው ካባ

በኮረብታው ዩኒቨርሲቲ ረጅም ኮሪደር ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ሟች ሊቃውንት ሁሉም አደሊኖን ቁልቁል ያዩታል። እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ መልሶ ያያቸዋል። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ለሠርግና ለቀብር ብቻ የምትወጣውን ግራጫ ሙሉ ልብሱን ለብሷል፤ ከረባቱ ጉሮሮውን ይዞታል። አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተራዋን የምትጠብቅ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ ለፈታኞቹ የምትመልሰውን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታጠናለች። አደሊኖ የሚያጠናው የለውም። የሚናገረውን ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ሲያጠናው ኖሯል።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ግራሲዬት ነበረች።

«ገባህ?»

«ገና ነኝ።»

«ባሕሩ ዳር ካለው ዩኒቨርሲቲ ደግመው ደወሉ። ዛሬ ቢሮ ሳይዘጉ ‹እሺ› ካላልካቸው ቦታህን ለሌላ ሊሰጡት ነው።»

«ሰማሁ።»

«አደሊኖ፣ እዚያ እኮ ትምህርቱ የማታ ነው። አውቶቡስህን እየነዳህ ትማራለህ፣ ማታ ከቤትህ ትገባለህ። እዚያ ኮረብታ ላይ ምን አለህ?»

«ሰው አለኝ።»

«ሰው አይደለም ያለህ፣ ቂም ነው» አለችና ዘጋችበት።

ልክ ናት። ፖርቱጋል ውስጥ ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠ ሰው ከሃያ ሦስት ዓመት በላይ ከሆነ ፈተናና ቃለ መጠይቅ አልፎ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል። አደሊኖ ፈተናውን ለማለፍ ሁለት ክረምት ሙሉ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ፣ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ፣ በመስኮቱ ብርሃን አንብቧል። የጋራዡ ሰዎች ሲያላግጡበት ከረሙ። «ዶክተር አደሊኖ፣ ቀጣዩ ፌርማታ ፍርድ ቤት ነው ወይስ ጡረታ?» ይሉታል። እሱም ይስቅላቸዋል። ለባሕሩ ዩኒቨርሲቲ ያመለከተችለት ግራሲዬት ናት። ለኮረብታው ያመለከተው ግን እሱ ራሱ ነው፤ ያውም ሕግ ብሎ፤ የሕግ አመልካቾችን የሚጠይቀውም አንደኛ ዓመትን የሚያስተምረውም ዶክተር ቫልዴማር ኬይሮስ ስለሆነ።

አደሊኖ አሥራ አምስት ዓመቱ ሳለ ቫልዴማር ገና ዶክተር አልነበረም። ሰባት ሆነው ቤት የተከራዩ የባለጸጋ ልጆች ነበሩ፤ እሱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ የአደሊኖ እናት ዴኦሊንዳ ደግሞ ልብስ አጣቢያቸው። ከተራራ መንደር የመጣች ሴት ናት። የተማሪ ጥቁር ካባ በልማድ ውሃ እንደማይነካው ማን ይንገራት? ጫፉ ላይ ያለው ቅዳጅ ሁሉ አባት፣ ወንድም፣ እጮኛ ለማስታወሻ በገዛ እጃቸው የቀደዱት መሆኑን ማን ያስረዳት? እሷ ያየችው የአራት ዓመት የወይን ጠጅና የጭቃ እድፍ ያለበት፣ ዳር ዳሩ የተበጣጠሰ የቫልዴማር ካባ ነው። ልጁ ሊመረቅ ነው፤ እናቱ ሩቅ ናት። አዘነችለት። አጠበችው፣ ተኮሰችው፣ አምሽታ ቅዳጁን ሁሉ አንድ ሳታስቀር በጥቁር ክር ሰፋችለት። ገንዘብ አልጠየቀችም። ስጦታ መሆኑ ነው።

በማግስቱ ደረጃው ላይ የሆነውን አደሊኖ ለግራሲዬት እንኳ ነግሯት አያውቅም። እናቱ ከዚያ ቀን ወዲያ ከተማሪ ቤት ሥራ አልያዘችም። ዓመት ሳይሞላ እሱም ትምህርቱን ትቶ የሸክላ ፋብሪካ ገባ። ዛሬ ያንን ቀን እዚያው ሰውዬው ወንበር ፊት፣ ባልደረቦቹ እየሰሙ ያወጣዋል። ሰውዬው ይክዳል። ሲክድ ያፍራል፤ ሲያፍር አደሊኖ ያየዋል። ከዚያ ቦታውን ተቀብሎ በየሳምንቱ ፊት ለፊቱ ይቀመጥና ዓይን ዓይኑን ያየዋል፤ ዓመቱ እስኪያልቅ። የፈለገው ይኼን ነው። ሕጉን አይደለም።

ስሙ ተጠራ።

ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ነበሩ። በቀኝ ዶክተር ኖኤሚያ የምትባል መነጽር ያደረገች ሴት፣ በግራ የሚጽፍ ወጣት ረዳት መምህር፣ መሐል እሱ። ቫልዴማር ነጭ ጸጉር ያለው፣ ጉንጩ የቀላ፣ ደስ የሚል ሽማግሌ ሆኗል። አደሊኖ ይህን አላሰበበትም ነበር። ሽማግሌው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ይቀመጡ አቶ አደሊኖ፣ ይቀመጡ፤ እኔም እንደ አውቶቡስ ነጂ ቁጭ ብዬ ነው የምኖረው» አለው። የተማረ ሰው ሲቀልድ ሌሎቹ ቶሎ ይስቃሉ። ሳቁ።

«እስቲ ይንገሩን፣ ለምን እኛን መረጡ?»

«እናቴ እዚህ ከተማ ለተማሪዎች ልብስ ታጥብ ነበር» አለ አደሊኖ። ንግግሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ እንዲህ ሊጀምር ነው ያጠናው።

የቫልዴማር ፊት በራ። «የዚያ ዘመን አጣቢዎች! ዶክተር ኖኤሚያ፣ ያቺን የእኔን ነግሬሽ የለ?»

«በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ ነው የሚነግሩን» አለች ሴትዮዋ ፈገግ ብላ።

«ይህ ወጣት አልሰማም። አንዲት አጣቢ ነበረችን፣ ስሟ ጠፋኝ። ካባዬን አጠበችው! አራት ዓመት ውሃ ያላየውን! አጥባም አልቀረች፣ ቅዳጁን ሁሉ ሰፋችው። አባቴ የቀደደውን፣ እጮኛዬ የቀደደችውን፣ ሁሉንም፣ ድምጥማጡን አጠፋችው! እኔ ምን ላድርግ? ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። አንድ ጠርሙስ ወይን ሰጥቼ ሸኘኋት።»

ወጣቱ ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። ከት ብሎ፣ ከልቡ። አደሊኖ የወንበሩን ጠርዝ ያዘ። ሰውዬው መካዱ ቀርቶ በዚያ ቀን ሲነግድበት ኖሯል። በየዓመቱ አዲስ ለገቡ ልጆች እያወጣ ሲያስቃቸው ከርሟል።

«ዴኦሊንዳ ነው ስሟ» አለ።

ሳቁ ጋብ አለ።

«አልሳቀችም። ወይንም አልሰጧትም። ጓደኞችዎን ጠርተው ደረጃው ላይ አንበረከኳት። ‹እንደ ሰፋሽው ፍቺው› አሏት። መቀስ ብትለምንዎ ከለከሏት። በጥርሷ ፈታችው፣ ክሩን አንድ በአንድ እየነከሰች። አንዱን ስትፈታ እነሱ ያጨበጭባሉ። ሌላውን ስትፈታ ያጨበጭባሉ። እኔ የልብሱን ቅርጫት ይዤ ከበሩ ሥር ቆሜ ነበር። ከንፈሯ ደምቶ ካባው እንዳይነካ ስትጠነቀቅ ትዝ ይለኛል። ካባዎን ነበር የምትጠብቀው።»

አደሊኖ ጠበቀ። አሁን ይክዳል፤ «ሰው ተሳስተው ይሆናል» ይላል።

ቫልዴማር አልካደም። ሁለቱም ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ።

«ልክ ነህ» አለ። «አንተ» ማለት ጀምሯል። «ልክ ነህ ልጄ። ሌላውን እያወራሁ እሱን ከራሴም ደብቄው ነበር። ይቅር በለኝ። በእነዚህ ሰዎች ፊት እለምንሃለሁ።»

ዶክተር ኖኤሚያ መነጽሯን አውልቃ ሰውዬውን የቅዱስ ሥዕል እንደምታይ ሁሉ አየችው። ወጣቱ አንገቱን ደፋ። አደሊኖ ገባው። የለፋለትን ቀን ሰውዬው በአንድ እንባ ወሰደበት። የተዋረደው ቫልዴማር አይደለም፤ እንዲያውም ሽማግሌው ከቅድሙ ይበልጥ ከብሮ ቆሟል።

«ቦታው ያንተ ነው» አለ ቫልዴማር እጁን ዘርግቶ። «መጀመሪያ ቀን አዳራሽ አብረን እንገባለን፣ አንተና እኔ። ለተማሪዎቹ እውነቱን እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

አደሊኖ አዳራሹን በዓይነ ሕሊናው አየው። ሽማግሌው ያለቅሳል፤ እሱ ከጎኑ ይቆማል፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ።

የተዘረጋለትን እጅ አየ። ለስላሳ፣ ንጹሕ እጅ ነው። አልጨበጠውም።

«ዶክተር፣ ሲነግሯቸው መጨረሻውን ያስተካክሉት» አለ። «ልጇ መጣ፣ ይቅርታ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ ይበሏቸው። እዚያ ላይ ያቁሙ። ሌላ እንዳይጨምሩ።»

«አቶ አደሊኖ፣» አለች ሴትዮዋ «ሰውዬው እኮ ከልባቸው ነው።»

«አውቃለሁ እሜቴ። ለዚህ ነው እምቢ ያልኩት። ቦታችሁንም አልፈልግም።»

ሲወጣ የሽማግሌው እጅ እንደተዘረጋ ነበር። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ጓ ቢያደርገው ባለጌ ነጂ ብለው ይገላገሉት ነበር።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ያቺ የተንጠለጠለች እጅ አፉ ውስጥ እንደ ከረሜላ ጣፈጠችው። ደጋግሞ አሰባት። ወርዶ ጨርሶ ወንዝ ዳር ደርሶ ከረባቱን ሲፈታ ግን ከረሜላው አልቆ ነበር፤ ምን እንደሚያስብ አጣ። ስልኩን አውጥቶ ለባሕሩ ዩኒቨርሲቲ ደወለ።

ያነሣችው ልጅ ቀልጣፋ ናት። «አቶ አደሊኖ! በመጨረሻ! ባለቤትዎ ዛሬ ስንቴ እንደደወሉልን ቢያውቁ። ይመጣሉ አይደል?»

«እመጣለሁ።»

«እንኳን ደስ አለዎት! አንድ ነገር ብቻ፣ የትምህርት ክፍሉ ቦታ ባዶ ነው። ባለቤትዎን ብጠይቃቸው ‹እሱን ራሱ ይንገራችሁ› አሉኝ። የቱን ልጻፍልዎ?»

«ሕግ…» አለ።

«ሕግ እኛ ጋ የለም። ታሪክ አለ፣ የአስተዳደር ትምህርት አለ፣ የሴራሚክ ምሕንድስና አለ፣ ቋንቋ አለ። እርስዎ ምን ይወዳሉ?»

አደሊኖ አፉን ከፈተ። አውቶቡስ መጥቶ ፌርማታው ላይ ቆመ፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ፣ ሄደ። ያጠናው መልስ አልነበረውም።

«አቶ አደሊኖ? መስመሩ ላይ አሉ?»

«አለሁ» አለ። «እያሰብኩ ነው። አይዝጉት።»