አንድ ጣት የጎደለው ድንጉላ

የከተማው ፈረስ ለኪ ኤሊፋላት የመለኪያውን ዘንግ ከፈረሱ ትከሻ ላይ አነሣና፣ አውራ ጣቱን ከምልክቱ ሳያላቅቅ ለቆሙት ሰዎች አሳየ።

«አሥራ ሦስት ጋት ከሦስት ጣት። አንድ ጣት ይጎድለዋል።»

ኬዝያ ፔካም የማጎሪያውን በር በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። ድንጉላዋ ጧት የድንጋዩ ካብ በተናደበት በኩል ዘሎ ወደ ከተማው የጋራ ግጦሽ ስለገባ ነው ይዘው ያጎሩት። ካቡን መጠገን የከተማው ድርሻ ነው፤ ሁለት ጊዜ አመልክታለች፣ ማንም አልመጣላትም።

«ሰኮናው ትናንት ተሞርዷል፤ የቆመውም ጭቃ ውስጥ ነው። ደረቅ መሬት ላይ ይለኩልኝ እንጂ፣ አቶ ኤሊፋላት!»

«ሕጉ ስለ ጭቃ ያለው ነገር የለም፣ እመት ኬዝያ። ከአሥራ አራት ጋት ያጠረ ድንጉላ በጋራ ግጦሽ ከተገኘ ይኮላሻል። አሁን ይውሰዱት፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ቢላዋዬን ይዤ እመጣለሁ።»

«ምናለ ከእመቤቱ ቁመት ትንሽ ቢዋስ!» አለ አንዱ ከኋላ። ኬዝያ ከብዙዎቹ ወንዶች ትረዝም ነበርና ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሟቹ ባሏ ይህን የሰጋር ዘር ለማውጣት አሥራ ሰባት ዓመት ደክሟል። ፈረሱ ሲሰግር የተቀመጠበት ሰው ትከሻው እንኳ አይነቃነቅም። ሰባኪው የሚጋልበው የዚህን ድንጉላ የተኮላሸ ልጅ ነው፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውም እንዲሁ። አሁን ግን ከወደቡ የሚመጡት ነጋዴዎች ሰጋር መጠየቅ ትተዋል። የሚፈልጉት በስኳር ደሴቶቹ ላይ የሸንኮራ መጭመቂያ የሚያዞር ግዙፍ ፈረስ ነው። የከተማው ሸንጎ ሕጉን ያወጣው ለዚሁ ነው። ሴት ሸንጎ አትገባም፤ ከቤተሰቡ የገባው ዋርሳዋ ያቤጽ ነበር፤ እሱም እጁን ያወጣው ሕጉን ደግፎ ነው።

ፈረሷን እየሳበች ወደ ቤቷ ስትመለስ በየደጁ እየቆመች አማላጅ ለመነች። ሰባኪው አንገቱን ደፍቶ እንደሚጸልይላት ነገራት። የወፍጮ ቤቱ ሰው ዱቄት የነካውን እጁን በሽርጡ ሲጠርግ ቆየና «እኔ ብቻዬን ብናገር ማን ይሰማኛል ብለሽ ነው?» አላት። ሕጉ ወደማይደርስበት ወደ ማዶ ልታሻግረው ወደ ወንዙ ወረደች፤ ጀልባ ቀዛፊው ግን የሞላውን ውኃ በአገጩ እያሳየ «እንኳን ፈረስ ድመትም አላሻግርም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ግቢዋ ስትደርስ ያቤጽ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ፒፓ ያጨሳል።

«ለአንቺው ብዬ ነው፣ እቴ» አለ። «ዘመኑ የትልቅ ፈረስ ነው።»

«እኔን ጠይቀኸኛል?»

«ብጠይቅሽ እንቢ ትይኛለሻ።»

ድንጉላውን በረት አስገብታ በሩን ቀረቀረች፤ ጭቃውን ከእግሩ በጨርቅ ስትጠርግለት ቆየች። በበረቱ የቀረችው ባዝራ አርጅታለች፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ አልወለደችም። ዘሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ነው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ኤሊፋላት መጣ። ቢላዋው በወገቡ ነበር፤ በእጁ ግን ሐመር ቀለም ያላት ባዝራ ይስባል።

«ምንድን ናት?» አለች ኬዝያ።

ኤሊፋላት ወደ ያቤጽ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔ ናት። ከትናንት ጀምሮ ድንጉላ ፈልጋለች። እንዲያው ከመኮላሸቱ በፊት አንድ ጊዜ... ባለቤቴ ወገቧን ያማታል፣ እመት ኬዝያ። ከሰጋር በቀር በምንም መቀመጥ አትችልም።»

ያቤጽ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። ማንም አልሳቀም።

«ከዚያስ?» አለች ኬዝያ።

«ከዚያማ... ሕግ ሕግ ነው።»

ከውስጥ ድንጉላው የባዝራዋ ሽታ ደርሶት አሽካካ፤ በሩን በደረቱ ገፋው። ኬዝያ ባዝራዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አየቻት። ደረቷ ሰፊ፣ ዓይኗ የዋህ፣ መልካም ባዝራ ነበረች፤ ውርንጭላው ግን የሚያድገው በዚህ ሰው በረት፣ የሚጠራውም በዚህ ሰው ስም ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደጅ ስታንኳኳ ውላለች፤ አሁን ሰው እሷን ሲለምን ነው።

«ቆብህን አውልቅና በደንብ ለምነኝ» አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

ኤሊፋላት ቆቡን አወለቀ። ፀሐይዋ የኮረብታውን ጫፍ ነክታለች። ኬዝያ እጇን የበረቱ መቀርቀሪያ ላይ አሳረፈች፤ አልሳበችውም፣ አልለቀቀችውምም።