ፈላጊው ማንበብ ያቃተው ጽሑፍ

ሰሌዳ ጸሐፊው ወደ ሚስቱ ሱቅ ድረ ገጽ ከሚመጡት ጎብኚዎች ሁሉ አንዱን አብልጦ ይወደው ነበር። ሰውየው ማን እንደሆነ አያውቅም። ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይመጣል። እንደ ሌላው ሰው ገባ ብሎ ውልቅ አይልም፤ እያንዳንዱን ገጽ ረጋ ብሎ ያያል። ስለ መርፌ የሚያወራው ገጽ ላይ ሲደርስማ ምሳውን እዚያው የሚበላ እስኪመስል ድረስ ይቆያል። የጎብኚ መቁጠሪያው ይህን ሁሉ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

«እያሰበበት ነው» አላት ሚስቱን። «እንዲህ ያለ ሰው ተቻኩሎ አይመጣም። የመጣ ቀን ግን ማሽኑን ተሸክሞ ነው።»

«ይምጣ» አለች ሚስቱ፣ ጭንቅላቷን ከተፈታ የስፌት መኪና ሆድ ውስጥ ሳታወጣ። «ወሩ ሳያልቅ ይምጣ እንጂ።»

ወሩ ሲያልቅ የሚሆነውን ሁለቱም ያውቁታል። ሚስቱ የስፌት መኪና ጠጋኝ ናት፤ አካባቢው ሁሉ «መካኒኳ» ነው የሚላት። ብዙ ዘመን የሠራችው በመንገዱ ዳር፣ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ነበር። አላፊ አግዳሚው መፍቻ ይዛ ያያታል፤ መኪናው ሲበላሽበት ወደ እሷ ይመጣል። ከዚያ ባለ ሕንፃው ፊት ለፊቱን አሳደሰና ለስልክ መሸጫ አከራየው። እሷን ወደ ጓሮ አዛወራት፤ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አልፎ፣ ከውኃ ታንከሩ ጎን ታጥፎ ወደሚገባበት ክፍል። በአዲሱ መስታወት ላይ ምንም ዓይነት ጽሑፍ እንዳይለጠፍም ከለከለ። ድሮ ደንበኛ የነበሩት እየመጡ በመስኮቱ ስልክ ተደርድሮ ሲያዩ፣ ገሚሱ ሞታለች ብሎ፣ ገሚሱ ከብራለች ብሎ ተመለሰ። ለሥራዋ የትኛውም አልበጀም።

ይህን ጊዜ ነው ሌላ ከተማ ያለ የልብስ ፋብሪካ የደወለላት። የማያቋርጥ ሥራ፣ መኝታ ክፍልም ጭምር። አለቃው መልሷን ለመስማት በወሩ ማብቂያ እደውላለሁ ብሏታል። ሰሌዳ ጸሐፊው ደግሞ አብሯት አይሄድም፤ በማሽን የታተመ የላስቲክ ማስታወቂያ ከወሰደበት የተረፉት ጥቂት ደንበኞቹ ያሉት እዚሁ ነው። እሱ እዚሁ ይቅር ቢባል ግን አንድ ችግር አለ። እነዚህ ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ አንድ አልጋ ላይ ጀርባና ጀርባ ሆነው ነው የሚኮራረፉት። እሷ ከሄደች ከማን ጋር ሊኮራረፍ ነው?

ድረ ገጹ የተሠራው ለዚህ ነበር። የሠራችው የእህቱ ልጅ ናት፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ሆና ሳለ ይህን ደግሞ ቪዲዮ እያየች የተማረች። ጽሑፉን ግን ለማንም አልሰጠም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ላይ ሲጽፍ ኖሮ የሚስቱን ቤት በታይፕ ፊደል ሊያስጽፍ? እያንዳንዱን ገጽ በሰሌዳ ላይ በብሩሽ ጻፈው፤ ጥላ አበጀለት፣ ጠርዙን ወርቅ ቀባው። ልጅቷ ፎቶ አንስታ ጫነችው። የመጀመሪያው ገጽ «ዘመን የወለደውን የስፌት ጥበብ መሣሪያ በረቀቀ እጅ እናክማለን» ይላል። የ«ረ»ዋ እግር ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅታበታለች።

እናም ሰው አልመጣም።

የእህቱ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፗን ይዛ መጣችና ከተበታተኑት ብሎኖች መሐል ቦታ ጠርጋ ተቀመጠች። መቁጠሪያውን ከፍታ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«ጋሼ፣ ይኼ ጠዋትና ማታ የሚመጣው ሰውዬ…»

«አየሽው? ጨዋ ሰው ነው።»

«የሚገባው ከዚህ ሰፈር ነው።»

«ይኸው! ቅርብ ነው ማለት ነው።»

«በጣም ቅርብ ነው። ከዚሁ ቤት ነው። ጋሼ፣ አንተ ነህ።»

ወዳጅ የሞተበት ሰው የሚባልለት ነገር አለ፤ ወዳጁ ራሱ ሆኖ ለተገኘ ሰው ግን ምን እንደሚባል ማንም አላሰበበትም።

«የቀሩትስ?» አለ ሰሌዳ ጸሐፊው።

«እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ እትዬ ገብታለች።»

«ገብቼ ወጣሁ» አለች መካኒኳ። «ጌጡ በዛብኝ።»

«በሉ ፈላጊው የት ላይ እንደሚጠፋ እንይ» አለች ልጅቷ። ፈላጊው የምትለው ሰው አንድ ነገር ጽፎ ሲጠይቅ ከኢንተርኔቱ ሁሉ ለቅሞ የሚያመጣውን ማሽን ነው። የሱቁን ስም ሙሉውን ጽፋ ጠየቀችው። የሙሽራ ልብስ አከራይ አመጣ፤ የጥርስ ሐኪም አመጣ፤ የእነሱን አላመጣም። ስሙን ጠርተውት እንኳ አያውቃቸውም።

ልጅቷ ወደ ድረ ገጹ ጓዳ ገብታ መፈለግ ጀመረች። አንድ ቦታ ስትደርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እትዬ፣ ገና ስንሠራው ‹ቤት ሳይጠረግ እንግዳ አይገባም› ያልሽኝ ትዝ ይልሻል?»

«ታዲያ አይገባማ።»

«እኔም ፈላጊው እንዳይገባ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አደረግኩበት። ሥራው ሲያልቅ ላነሳው።»

«አላነሳሽውም?»

«ያለቀ ቀን ለስላሳ ጠጣን እንጂ አላነሳሁትም።»

መካኒኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እና ይኼን ሁሉ ጊዜ በሩን ከውስጥ ቆልፈን ሰው ጠፋ እያልን ነው የተቀመጥነው?»

ልጅቷ ምልክቱን አነሳች፤ እንዲህ የሚባል ቤት አለ ብላም ለፈላጊው መልእክት ላከች። አዲስ ቤት ስለሆነ መንገዱን እስኪለምድ ቀናት ይፈጅበታል አለች። ሰሌዳ ጸሐፊው ግን የዚያን ቀን ማታ ፀጉሩን ተስተካከለ።

ቀናቱ አለፉ። ፈላጊው በእርግጥ መጣ። ከዚያ ወዲህ የሱቁን ስም ሙሉውን የጻፈ ሰው ድረ ገጹን ያገኘዋል።

«ስሜን የሚያውቅ ሰው ስልኬንም ያውቃል» አለች መካኒኳ፤ እና መሣሪያዎቿን መለየት ቀጠለች። የሚቀሩትን ወደ ግድግዳው፣ የሚሄዱትን ወደ በሩ። ትንንሾቹን መፍቻዎች በጨርቅ ስትጠቀልል ባሏ አየ። ትልልቆቹ የትም ይገኛሉ፤ ትንንሾቹን የምትጠቀልል ሴት ግን ልቧ ተነሥቷል ማለት ነው። ልጅቷን ደውሎ ጠራት።

ልጅቷ ፈላጊው ገጹን እንዴት እንደሚያየው ላሳይህ አለችና ከፈተችለት። ነጭ ነው። ከላይ «ዋና ገጽ»፣ «አገልግሎት»፣ «አድራሻ»፤ ከታች ስልክ ቁጥር። መሐሉ ባዶ።

«ጽሑፌስ?»

«ለሱ ሥዕል ነው ጋሼ። ሥዕል መኖሩን ያያል፤ ምን እንደሚል ግን አያነብልህም።»

«ፊደል አልቆጠረም?»

«የታይፕ ፊደል ቆጥሯል።»

«እኔ የጻፍኩትን ሱቅ ሕፃን ልጅ ቆሞ ያነበዋል። ይኼ ዓለምን ሁሉ የሚያውቀው አያነብም?»

«አያነብም።»

«እና ሲሠራ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። ‹ያንብብ እንጂ ምን ሥራ አለው› አልከኝ።»

ይህን ማለቱ ትዝ አለው። ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዳለውም ትዝ አለው።

«ደግሞም ቢያነብስ» አለች ልጅቷ፣ አንዴ ከጀመረች ወዲያ። «ሰው መኪናው ሲበላሽበት ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው? ‹የስፌት ጥበብ መሣሪያ› ይላል?»

ከመኪናው ሆድ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። «‹ዘመን የወለደው› ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ካለ በነጻ ነው የምሠራለት።»

ሰሌዳ ጸሐፊው ተነሣ። ታይፕ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፊደል ነው አለ። በታይፕ የሚጻፈው ሰው ከሥራ ሲባረርና ውኃ ሊቋረጥ ሲሆን ነው አለ። የሚስቱ ቤት ደግሞ ከሁለቱም አይደለም። ልጅቷ አጎት ነውና አልተከራከረችም። «አንተ እንዳልክ» ብላ ላፕቶፗን ዘጋች። መካኒኳም መፍቻዎቹን የጠቀለለችበትን ጨርቅ በክር አሰረችው። እሱም ቋጠሮው የማይፈታ ዓይነት መሆኑን አየ።

በማግስቱ ስልኳ ጮኸ። እጇ በዘይት ተነክሯል።

«አንሣው» አለችው።

አነሣው። ድሮ ደንበኛ የነበሩ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ በሕይወት ትኖር ይሆን ብለው በድሮ ቁጥሯ ነው የደወሉት። ትኑር አትኑር ሳይጠይቁ ግን ወደ ጉዳያቸው ገቡ። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ትዘላለች። አምስት ትሰፋና አንድ ትዘላለች። ከላይ ደህና ትመስልና ከታች ትቋጥርብኛለች። ደግሞ ትጮሃለች፤ ዘይት ጠጥታ እንኳ ትጮሃለች።»

ሴትየዋ ሲያወሩ ፈጣን ናቸው። እሱ ደግሞ የሰሙትን አስታውሰው ከሚያደርሱ ሰዎች አይደለም። ከጎኑ የነበረውን ሰሌዳ አቀና፤ ጠመኔ አነሣና እንደመጣለት ጫረው፤ ትዘላለች፣ ከታች ትቋጥራለች፣ ዘይት ጠጥታም ትጮሃለች። ጥላ የለ፣ ጠርዝ የለ። ፊደሎቹ ከዝናብ እንደሚሮጡ ሰዎች ተዛነቁ። አፍሮ ወደ ሚስቱ አዞረው።

እሷ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሆና አንዴ አየችው። «የታችኛው ክር ጠብቆባቸዋል። ብሎኗን ሩብ ዙር ያላሏት፣ መርፌውንም ይቀይሩት በላቸው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሰሌዳ ጸሐፊው የተባለውን ነገራቸው። ስልኩን ዘግቶ ሰሌዳውን ይዞ እንደቆመ ቀረ። በዚህ ክፍል ውስጥ ከጻፈው ሁሉ ሚስቱ እስከ መጨረሻው ያነበበችው ይኼን ብቻ ነው። ያነበበችውም በአንድ እይታ ነው። ይህ ነገር ደስ አላለውም። ቢሆንም ጠመኔውን አላስቀመጠውም።

ቀኑን ሙሉ ሲጠይቃት ዋለ። «ሌላስ ምን ይላሉ ሲመጡ?»

«ምን ይላሉ፣ ‹ክር ትበላለች› ይላሉ። ‹ወደ ኋላ ትሄዳለች›። ‹ጨርቅ አልጎትት አለች›።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሥራ የለህም?»

«የለኝም» አለ፤ እውነቱን ነበር። ጥያቄውን ይጽፋል፣ መልሷን ከሥሩ ይጽፋል። ማታ የእህቱ ልጅ ስትመጣ ሰሌዳዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈው አገኘቻቸው፤ ሁሉም በሰው አፍ የሚያማርሩ።

«ሥሪው» አላት።

«በታይፕ?»

«በፈለግሽው።»

ልጅቷ ሳትስቅ ጻፈችው፤ ይህም ውለታ ነው። እያንዳንዱን ብሶት ለየብቻው ገጽ ሰጠችው፤ አድራሻውን በውኃ ታንከሩ በኩል እንዲሁ ሰው እንደሚያመላክት አድርጋ አስገባች። ወርቃማውን ሰሌዳ ከላይ ትተወው ዘንድ ለመናት። ተወችለት።

ወሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ሁለት የማይታወቁ ሰዎች ደወሉ። ጠይቀው አመስግነው ዘጉ፤ በመልሱ መኪናቸው ስለዳነች አልመጡም። መካኒኳ ይህን ሰምታ «ጥሩ ዘዴ ነው፣ በነጻ እያከምን በረሃብ እንሞታለን» አለች። ጥቅሉ ግን ከበሩ አጠገብ እንደተቀመጠ ነው።

የወሩ የመጨረሻ ቀን አንዲት ሴት በአንሶላ የተጠቀለለ መኪና አቅፋ ገባች። ላብ አጥምቋታል።

«መኪናው ዘይት ጠጥቶም የሚጮኸው ቤት ይኼ ነው?»

«ነው» አለ ሰሌዳ ጸሐፊው፤ ከሚስቱ ቀድሞ።

«ብዙ ሆነን ነው የምንሰፋው። የተማሪ ልብስ ነው፣ ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ቦታ ከቀየርን ወዲህ ሁሉም መኪናዎች አብደዋል። ትዘላለች፣ ትጮሃለች ብዬ ስልኬ ላይ ጻፍኩ፣ እናንተ ወጣችሁ። ያላችሁትን ሞከርን፣ አልሆነም። ልክ ግን እኛ እንደምናወራው ስለሚያወራ፣ እነዚህስ ያውቃሉ አልን።»

«ከላይ ያለውን ሰሌዳ አየሽው?» አላት። አልቻለም፤ ጠየቃት።

«የቱን?»

«ወርቃማውን። ትልቁን።»

«አይ፣ ኔትወርክ የለም እኮ። ሥዕል የሆነ ነገር አይከፍትልኝም።»

መካኒኳ አንሶላውን ገልጣ መዘውሩን በእጇ አዞረች፤ ጆሮዋን ወደ ብረቱ አስጠጋች። ባሏ ይህን ፊት ያውቀዋል። ይህን ፊት ካሳየች ቤት ቢቃጠል አትነሣም።

ስልኩ ጮኸ።

«አንሣው።»

አነሣውና ፊቱ ተለወጠ። የፋብሪካው አለቃ ነው። «ወሩ አልቋል፣ ምን ወሰነች ይላል» አላት፤ ድምፁን እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ለማድረግ እየሞከረ።

«ሰው ይዣለሁ በለው።»

«ሰው ይዛለች» አለ በስልኩ። አዳመጠ። «መቼ ልደውል ይላል።»

መካኒኳ መዘውሩን ሌላ ዙር አዞረች። ከውጭ፣ ከመተላለፊያው፣ የብረት መንኳኳትና የሴቶች ጭቅጭቅ ተሰማ፤ «ወደ አንቺ አዙሪው!»፣ «በየት በኩል ላዙረው፣ ታንከሩን ላፍርሰው?» እንግዳዋ ሴት አንገቷን አስግጋ «የቀሩት ናቸው፣ መግቢያው ጠቧቸው ነው» አለች፤ ይቅርታ እንደመጠየቅ።

መካኒኳ ወደ በሩ አየች። ከዚያ በበሩ አጠገብ የተቀመጠውን ጥቅል ጎትታ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችና ትንሹን መፍቻ አወጣች።

«አይደውል በለው» አለች። «የነሱ መኪና ሲበላሽ ግን መንገዱን ይጠይቅና ይምጣ።»

ሰሌዳ ጸሐፊው ይህን በራሱ አነጋገር፣ በብዙ «ከታላቅ ምስጋና ጋር» አስጊጦ ለአለቃው አደረሰው። ረዘም ያለ ንግግር ነበር፤ አለቃው መጨረሻውን ሳይሰማ ዘጋው።

«ምን ቆመሃል?» አለችው ሚስቱ። «ሂድና ያንዱን ጫፍ ያዝላቸው።»

ወጥቶ ያዘላቸው። መኪናው ከባድ ነው፤ ወገቡ አይችልም፤ ለሴቶቹ ግን ቀላል ነው አላቸው።