ወንድ የማይገባበት ጓሮ

ሶልያና ስልኳን ከአጎቷ አፍ ሥር ስትደቅን፣ እናቷ ተናኜ ኩሽና ውስጥ የያዘችውን ሳህን ልትሰብረው ምንም አልቀራት። እሁድ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሟ ሐብታሙ ከቸርች መልስ በስደት አገር ፉሩሴት በሚባል ሰፈር ያለው ቤቷ ይመጣል፣ የሠራችውን ይበላል፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ተደላድሎ የእናታቸውን ታሪክ ያወራል። የገዛ ልጇ ደግሞ አፏን ከፍታ ትቀዳዋለች። "ለልጆቼ የማስቀምጠው የአጎቴን ድምፅ ነው" ብላታለች። የአጎቴን! እሷስ ዲዳ ናት እንዴ? ቅናት ነው፣ ምን ይደበቃል፤ አንጀቷን እያሳረራት ነው።

"ሆሳዕና አጠገብ፣ ጓሯችን ውስጥ" አለ ሐብታሙ፣ "እናቴ እንሰት እየፋቀች፣ እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ፣ በልጅነቷ ለሽማግሌ ሊድሯት ሲሉ እንዴት እንደጠፋች ስታጫውተኝ..."

"ውሸት!" ተናኜ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ወጣች። "እንሰት ሲፋቅ ወንድ ድርሽ ይላል? መቼ ገብተህ ታውቃለህ፣ ወንድም ጋሼ? ከጎኗ የነበርኩት እኔ ነኝ!"

ሶልያና ወደ አጎቷ ዞረች። "እውነቷን ነው?"

ሐብታሙ ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። "እውነቷን ነው። እኔ ከአጥሩ ውጭ ነበርኩ። የሴቶቹ ሳቅ ይሰማኛል፣ ወሬው አይሰማኝም። እንዴት በቅናት እንደበገንኩ! በኋላ ወሬውን በአንድ አንጓ ሸንኮራ የሸጠችልኝ እናትሽ ናት።"

የተናኜ ፊት ጋለ። ጭራሽ ረስታው ነበር። ሰረቀኝ እያለች ስትቃጠል የኖረችበትን ወሬ ለካ ራሷ ሸጣዋለች።

"መጨረሻውን ግን አልነገርሽኝም" አለ ሐብታሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሸንኮራው አለቀ ብለሽ ሄድሽ። እናታችን ስትጠፋ ወንዙ ዳር ከደረሰች በኋላ ያለውን ሁሉ ፈጥሬ ነው የማወራው።"

ሶልያና ስልኩን ወደ እናቷ አዞረች። "እማ፣ በቃ አንቺ ንገሪን።"

"ወንድ ባለበት አይወራም። በረንዳ ይውጣ።"

"ናይ፣ ናይ፣ አይሆንም እማ! ውጭው በረዶ እኮ ነው!"

ሐብታሙ ግን ተነሣ። ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። ተናኜ በሩን ከኋላው ዘጋችና፣ ጆሮውን ወደ በሩ መስታወት ሲያስጠጋ አየችው። ደግ አደረግኩ፣ አለች በልቧ። ከዚያ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገችና ወደ መስታወቱ ዞራ ጀመረች።

"እማ" አለች ሶልያና ስልኩን ራቅ እያደረገች፣ "ምን ያስጮህሻል? አጠገብሽ ነኝ እኮ።"