ሻጩ የሚቀመጥባት በቅሎ

«እስቲ ገልብጠህ አሳየኝ» አለች ስመኝ።

ባለሱቁ ምሥጋናው ብርማዋን ላፕቶፕ በሁለት እጁ ይዞ ገለበጣት። «ከሥር ምን ይታያል ብለሽ ነው፣ እህቴ? ውበቷ ከላይ ነው።»

«ከላይማ አየሁት። ባትሪዋ ይወጣል?»

«አይወጣም። ውስጥ የተገጠመ ነው። የዘመኑ ሁሉ እንዲህ ሆኗል።»

«ሲሞትስ?»

«አዲስ ዕቃ እየገዛሽ ስለ ሞት ታወሪያለሽ?» ብሎ ሳቀ።

ስመኝ አልሳቀችም። ከመካነ ብርሃን ደባርቅ ድረስ በዚያ ኮረኮንች ስትናጥ የመጣችው ለቀልድ አልነበረም። መካነ ብርሃን ላይ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይታ የጽሕፈት አገልግሎት ልትከፍት ነው። እስካሁን የመካነ ብርሃን ሰው አንዲት ማመልከቻ ለማስተየብ ይህን ሁሉ መንገድ ይመጣል። ትምህርት ቤቶቹም ፈተናቸውን እሷ ዘንድ ሊያስተይቡ ተስማምተዋል። ታዲያ ነገ ጧት በሚመለሰው መኪና ላፕቶፕ ይዛ ካልተሳፈረች ሥራው ለሌላ ይሰጣል። በሥራዋ አትታማም፤ ደባርቅ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትተይብ በኖረችባቸው ዓመታት ጣቶቿን የሚቀድም አልተገኘም። የሚያሳስባት ዕቃው ነው። መካነ ብርሃን ላይ ላፕቶፕ ቢበላሽ ከፍቶ የሚያይ ሰው የለም፤ ሌላ ልግዛ ብትል ደግሞ ሁለተኛ የምትሸጥ በቅሎ የለችም።

አንደኛዋን፣ ዳማዋን፣ አባቷ አቶ ገብረ ኪዳን ትናንት ገበያ አውጥተው ሸጠውላታል። አሁን ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በአገሩ ወግ በቅሎ የሸጠ ሰው ገመዱን ይዞ ነው የሚመለሰውና የዳማዋ ገመድ ትከሻቸው ላይ እንደተጠመጠመ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በቅሎ ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ገበያ ላይ ብዙ አይናገሩም።

ብዙ የሚናገረው የአጎቷ ልጅ ውቤ ነበር። ዳባት የኮምፒውተር መምህር ስለሆነ አማካሪ እንዲሆናት ብላ እሷው ናት የጠራችው።

«ቬልታ ናት እኮ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት። «ፕሮሰሰሯ ፈጣን፣ ራሟ ሰፊ። እኔም የያዝኩት ቬልታ ነው።»

«ከያዝካት ስንት ጊዜህ ነው?»

«ከፋሲካ ወዲህ።»

«ገና አራስ ናት በለኛ።»

ውቤ ቅር አላለውም፤ የስመኝን ምላስ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እሷ ግን እየቀለደችም ቢሆን ጭንቅ ይዟታል። ደባርቅ ከገባች ጀምሮ የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል ብላ ያልጠየቀችው ሰው የለም። መምህራኑን ጠየቀች፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎችን ጠየቀች፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ጓደኛዋንም በስልክ ጠየቀች። ቬልታ ያለው በቬልታ ይምላል፤ ኖርዲን የሚባለው ዓይነት ያለው በኖርዲን ይምላል። ሰው የገዛውን ዕቃ ቢያማ የገዛ ራሱን ማማት ይሆንበታል መሰለኝ፣ አንድም ሰው ተሳስቻለሁ አላላትም።

«እንግዲህ ወስኚ» አለ ምሥጋናው ወደ ጠረጴዛው እየተመለሰ። «እኔ የኚህን ሰውዬ ማመልከቻ ልጨርስ፤ ቆመው ዋሉ።»

ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወፍራም ጥቁር ላፕቶፕ ተከፍታለች። ፊት ለፊቷ አንድ ባላገር ስለ ድንበር ክርክር የሚያስጽፉትን ቃል በቃል ይነግሩታል፤ ምሥጋናው ይተይባል። እንዲህ እያሉ ሳለ መብራት ጠፋ። ሱቁ ጨለም አለ፤ ፎቶ ኮፒ ማድረጊያው ማጓራቱን አቆመ፤ ውቤ «ይኸው ጀመራቸው» ብሎ አጉረመረመ። ጥቁሯ ግን እንደበራች ናት፤ ምሥጋናው ቀና እንኳ አላለም። «እሺ፣ ከወንዙ በላይ ያለው መሬት፣ ቀጥሉ» አለና መተየቡን ቀጠለ።

ስመኝ ጆሮዋ ውስጥ የአባቷ ድምፅ መጣባት። በቅሎ ልትገዛ የሄድክ እንደሆነ፣ ይሉ ነበር ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ነጋዴው የሚያመሰግናትን አትይ፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚቀመጥባትን እይ። ዘወር ብላ ብታያቸው አባቷ ቬልታን ትተው ጥቁሯን እያዩ ነው። ማን ያውቃል፣ ከገቡ ጀምሮ ሲያዩዋት ይሆናል።

«ያቺስ ምንድን ናት?» አለች።

«የቷ?»

«የምትሠራባት።»

«ይቺማ አሮጌ ኖርዲን ናት። የምትሸጥ አይደለችም።»

«ቬልታ መደርደሪያው ላይ ሞልቶልህ በአሮጌ ለምን ትሠራለህ?»

የምሥጋናው ጣቶች ቆሙ። «ለምጃት ነው።»

«ተበላሽታብህ ታውቃለች?»

«ባትሪዋን አንዴ ቀይሬያለሁ፤ ከሥር መዘዝ አድርጎ ማውጣት ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ደንበኛ ሻይ ደፋባት። ገልብጬ ፀሐይ ላይ አሰጣኋት፤ በማግስቱ ሥራ ገባች።» ይህን ሲናገር ፊቱ ፈካ። ቬልታን ያን ያህል ሲያመሰግን እንዲህ አልፈካም ነበር።

«አሁን ገና ስለ ዕቃ አወራህ፣ ልጄ» አሉ አቶ ገብረ ኪዳን።

ስመኝ ፈቃድ ሳትጠይቅ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች። «እስቲ ተነሣ» አለችውና ተቀመጠች። የፊደሎቹ ምልክት ከቁልፎቹ ላይ ተፍቆ አልቋል፤ ለሌላ ገዢ ነውር ነው፤ የእሷ ጣቶች ግን ምልክት ማየት ከተዉ ቆይተዋል። ክዳኗን ከፍታ ዘጋች፤ አልተንገዳገደም። ከዚያ ወደ ባላገሩ ዞር ብላ «ከወንዙ በላይ ያለው መሬት ምን ሆነ፣ አባባ?» አለቻቸው። እሳቸው እየነገሯት፣ እሷ እየተየበች፣ ሱቁ እንደጨለመ ማመልከቻው አለቀ። መብራት ሲመጣ ማተም ብቻ ነው የቀረው።

«ሽጥልኝ» አለች ቀና ብላ።

«አትሸጥም አልኩሽ እኮ። እኔ በምን ልሥራ?»

«በቬልታ። ፈጣን ናት አላልከኝም?»

ውቤ ሳቁ አመለጠው። ምሥጋናው ግን ወደ መደርደሪያው አየ፤ ወደ ባላገሩ አየ፤ አንገቱን አከከ። በሰው ፊት እንቢ ቢል የሚሸጠውን ዕቃ በገዛ አፉ ማጣጣሉ ነው። በመጨረሻ መውጫ ያገኘ መሰለው። «እሺ፣ እሸጣለሁ። ግን በአዲሷ ዋጋ ነው።»

«ለአሮጌ?» አለ ውቤ። «ስመኝ፣ ተይው፤ ሰው ይስቅብሻል።»

አቶ ገብረ ኪዳን ዱላቸውን መሬት አስነክተው ሊነሡ አሉ። በመጀመሪያ ዋጋ ገዝተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ስመኝም አመነታች። ዳማዋ ትናንት በሰው እጅ ስትሄድ ዘወር ብላ እንዴት እንዳየቻት ትዝ አላት፤ ያቺን የመሰለች በቅሎ ለዚህች ፊደሏ ለጠፋ ዕቃ። ቀጥሎ ግን መብራት ሲጠፋ ቀና ያላለው የምሥጋናው አንገት መጣባት፤ ከዚያ በኋላ አላመነታችም።

«አባዬ፣ ይቀመጡ። እከፍላለሁ።»

አባቷ ትንሽ አዩዋትና ተመልሰው ተቀመጡ። «የምትቀመጪባት አንቺ ነሽ» አሉ።

ምሥጋናው ይህን አልጠበቀም ነበር። የራሱን ሥራና የባላገሩን ማመልከቻ ፍላሽ ላይ ገልብጦ፣ ዘግቶ፣ ክዳኗን በእጅጌው ወልወል አድርጎ ሰጣት። ቻርጀሩን ግን ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ ሊከት ሲል ስመኝ ብሩን የያዘ እጇን ሰበሰበች።

«እሱስ?»

«ይሄ ለብቻው ነው የሚሸጠው።»

«ወጉማ እንዲያ ነው» አሉ አቶ ገብረ ኪዳን ትከሻቸው ላይ ያለውን ነካ አድርገው። «የሸጠ ሰው ገመዱን ያስቀራል።»

«እሱ የበቅሎ ነው፣ አባዬ። ይቺ ከነገመዷ ነው የምትሄደው።»

ምሥጋናው ሳቀና ቻርጀሩን ጨመረላት። እንዲያውም ደስ አለው መሰል፣ የቬልታን የሚያብረቀርቅ ቦርሳ አውርዶ «ይሄ ደግሞ ምርቃት» አላት።

ስመኝ ቦርሳውን በጣቷ ዳሰሰችው። ስስ ነው፤ ማንጠልጠያው በቀጭን ክር ተሰፍቷል። የነገው መንገድ ታሰባትና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ነጠላዋን አውርዳ ላፕቶፗን ደጋግማ ጠቀለለቻት፤ ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ እጇን ዘረጋች።

«የዳማዋን ገመድ ይስጡኝ።»