ጎብኚ የሰማው አይጻፍም

አስጎብኚውን ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። በዚያ ጥቅጥቅ ባለ ደን ወፍ የሚገኘው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው፤ እሱ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፅ ብቻ እየሰማ የየወፉን ስም ሲጠራ ኖሯል። የዕለቱን መዝገብ የሚሞላው እሱ ነው፤ ደንቡንም ያወጣው ራሱ ነው፦ ጎብኚ የሰማው አይጻፍም። ጎብኚ ከሩቅ ስለሚመጣ ያልሰማውንም ሰማሁ ማለት ይወዳል።

የደኑ ዝነኛ ወፍ አውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ ናት። ድምፅዋ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነ። አስጎብኚው በየቀኑ ከስሟ ጎን «አልተሰማችም» ብሎ ይጽፋል፤ መጀመሪያ እጁ እየከበደው፣ ኋላ ኋላ ግን እንደ ፊርማ። ሚስቱ «ለእናትህ እንኳ እንዲህ አላዘንክም» ብላዋለች፤ አልተሳሳተችም። አለቃው ግን ለሐዘን ጊዜ የለውም። ወፏ ከሌለች የላይኛው ደን የሚጠበቅበት ምክንያት የለም፤ ሰኞ ለእንጨት ቆራጮች ይለቀቃል።

ዓርብ ጠዋት አስጎብኚው ስምንት ጎብኚዎች ይዞ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ። ዝናቡ አባርቷል፤ ጭቃው ግን ቦት ጫማ አልለቅ ይላል። ከስምንቱ አንዷ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ከመኪና ከወረዱ ጀምሮ አፋቸው አላረፈም። ትልቁ ዛፍ ሥር ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይቺን ወፍ ዝም የሚያሰኛት የለም እንዴ?»

«የትኛዋን፣ እማማ?»

«ቀጭኗን ነዋ! ሦስቴ ታፏጫለች፣ ዝም፣ እንደገና ሦስቴ። ልክ እንደ ብስክሌት ፍሬን! ከታች ጀምራ ጭንቅላቴን በላችው እኮ።»

አስጎብኚው ክው አለ። የአረንጓዴዋ ወፍ ፉጨት ሦስቴ መሆኑን ለማንም አልነገረም። «እናንተስ?» አላቸው ሌሎቹን።

«እንሰማታለን» አሉ። አንዱማ በጣቱ እየተከተላት «አሁን ወደ ግራ ሄደች» አለ።

አስጎብኚው አቅራቢ መነጽሩን አነሣ፤ ከቅጠል በቀር የሚታይ የለም። ትንፋሹን ዋጠ። የጠብታ ድምፅ ሰማ፣ የጅረቱን ሰማ፣ የእርግቧን ወፍራም ድምፅ ሰማ። ሌላ ምንም። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ስንቱ ጎብኚ «ይሄ ፉጨት ምንድን ነው?» ብሎት ነበር። እሱ ደግሞ «እንቁራሪት ነው» እያለ አልፏል። ወፏ የትም አልሄደችም። የሄደው የእሱ ጆሮ ነው። ደስ አለው፤ ወዲያውም አፈረ።

ቢሮ ገብቶ መዝገቡን ገለጠ። «ተሰማች» ብሎ ጻፈ። እዚያ ላይ ቢያቆም ደኑም ሥራውም ይተርፉ ነበር፤ ማን ያውቅበታል? ነገ ግን በግምት ሊጽፍ ነው፣ ከነገ ወዲያም። «የሰማው ሰው» በሚለው ቦታ «ጎብኚዎች» አለ። ከሥሩ ጨመረ፦ «አስጎብኚው ቀጭን ድምፅ አይሰማም። የሁለቱ ዓመት ጽሑፍ አይታመን።»

አለቃው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አንተ ጆሮ፣ ይሄን ከፈረምክ ከደን ሥራ ወጣህ ማለት ነው፤ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ሰኞ ቆራጮቹ እንዳይገቡ ግን አሁኑኑ ደውልላቸው።» ፈረመ።

ውጭ ጎብኚዎቹ መኪና እየተሳፈሩ ነው። ኦፕሬተሯን በመስኮቱ በኩል ደረሰባቸው።

«እማማ፣ እንዴት ነበር ያለችው?»

«አንተ አልሰማሃትም እንዴ?»

«አልሰማኋትም።»

ሴትዮዋ አዩት። ከዚያ ከንፈራቸውን አሹለው፣ በሰው ልክ ወፈር አድርገው፣ ሦስቴ አፏጩለት። ይህንን ሰማው።

«አንዴ ይድገሙልኝ» አላቸው።