ለቀዩ ዳገት የሚሆን ጎማ

ቀነኒ ምክር ለመስማት ጊዜ የላትም፤ አሶሳ ውስጥ ደግሞ ስለ ሞተር ጎማ ምክር የሌለው ሰው የለም።

የኋላው ጎማ እንደተላጨ ራስ ልሙጥ ብሏል። የፊቱ ትንሽ ቢሻልም ጎኑ መሰንጠቅ ጀምሯል። ሞተሩ አንድ የዕርዳታ ድርጅት ፕሮጀክቱን ጨርሶ ሲወጣ በጨረታ የሸጠው ነው፤ ከባድ፣ ሰፊ፣ ከባጃጆቹ መሀል ሲቆም ፍየሎች መሀል የገባ በሬ የሚመስል። ቀነኒ ለውበቱ ብላ አልገዛችውም። እሷን፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥኗንና የመድኃኒት ሻንጣዋን ይዞ ከአሶሳ ባምባሲ፣ ከባምባሲ ገጠር ገብቶ በዚያው ቀን የሚመለስ ነገር ፈልጋ ነው። ትንንሾቹ ሞተሮች ይህን ሲሞክሩ ወራት ሳይቆዩ ይወላልቃሉ።

የእንስሳት ሐኪም ናት። ቢሮ ተቀምጣ ሪፖርት ስትጽፍ ከረመችና ባለፈው ጥር ሪፖርት ያዳነው በሬ አላየሁም ብላ ወጣች። አለቃዋ ደግ ሰው ነበሩ፤ ወንበሯን እስከ ሐምሌ ለማንም እንደማይሰጡባት ነገሯት። የዚህን ደግነት ትርጉም የሳተ አልነበረም። ዝናብ ሲገባ ትመለሻለሽ ማለታቸው ነው። ቀነኒም አልሳተችውም፤ ያናደዳትም እሱ ነው። የግል ሥራው በጥርና በየካቲት የሞተ ያህል ነበር፤ ከሚያዝያ ወዲህ ግን የሚደውልላት እየበዛ መጥቷል። ለምን እንደሆነ አላወቀችም። ክረምቱን ሙሉ ገጠር መድረስ ከቻለች በራሷ ሥራ ትቆማለች፤ መንገድ ላይ ከቀረች ወንበሩ እዚያው ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ጎማው ላይ ወደቀ።

የዚያ ልክ ጎማ አሶሳ ውስጥ አይገኝም። የመለዋወጫ ነጋዴው ሐጂ ዓብዱልላጢፍ አዲስ አበባ ደውለው ሁለት ዓይነት እንዳለ አረጋገጡላት። አንደኛው ጥርሳም ነው፤ ጥርሱ አውራ ጣት ያህል የወፈረ፣ መሀሉ ሰፊ ክፍተት ያለው፣ ጭቃ ነክሶ የሚወጣ። ሌላው ግማሽ በግማሽ የሚሉት ነው፤ ጥርሱ አጠር ብሎ የተጠጋጋ፣ ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን። ሐጂ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ፈጣን ነው፣ ወንድና ሴት ግን አይለይም። ቀነኒን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩዋት።

«ያ ቢንቲ» አሏት በዓረብኛ፣ ልጄ ለማለት፤ «ሐሙስ ጎማው በአውቶቡስ ይመጣል። አንተ ማክሰኞ ካልነገርከኝ ሰውየው ለሌላ ይሸጣል። ኸላስ፣ በቃ።»

ከዚያ ወዲያ ምክሩ ተጀመረ። መናኸሪያው አጠገብ ጎማ የሚሠራው ይልቃል ጥርሳሙን ውሰጂ አለ። ወላጆቹ በሠፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሱ ፓዌ ነው የተወለደው፣ ስለ ጎማ ሲናገርም የሚያስበው የፓዌን ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ላይ ያ አፈር ጫማን ከነእግር ይዞ እንደሚያስቀር ለመጣው ሁሉ ይተርካል። ሐጂ ራሳቸው የሚያስቡት የድንበሩን አሸዋ ነው። ሻይ ሊጠጡ ጎራ ያሉት የጭነት መኪና ሾፌሮች የነቀምቴን አስፋልት ያስባሉ። ሁሉም የሚመርጥላት እሱ ለተሰቃየበት መንገድ ነው። ቀነኒ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እንዲህ ያለ ስብሰባ አትወድም። ሻይዋን አጋምሳ ተነሣች።

የራሷን መንገድ ታውቀዋለች። እስከ ባምባሲ አስፋልት ነው። ከባምባሲ ታጥፎ ደህና የተጠቀጠቀ ጠጠር ይመጣል። ከዚያ በኋላ ቀዩ ዳገት አለ። ሲደርቅ ምንም አይደለም፤ ዝናብ ከነካው ግን ሳሙና ነው። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ስንቴ ሥሩ ቆማ ሰዓቷን እያየች ጥርሷን እንዳፋጨች እሷ ናት የምታውቀው። ለዚያ ዳገት ጥርሳሙን የሚያህል የለም። ችግሩ ጥርሳሙ እርጥብ አስፋልት ላይ ሲገባ እንደሰከረ ሰው ይወላገዳል፤ ጠጠሩም መስከረም ሳይጠባ ይጨርሰዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለት እውነት አንድ ላይ ሲመጣባት ደግሞ ትበሳጫለች።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ ገንዲ በሚባለው የቆላ ዝንብ በሽታ የከሳ በሬ እንድታይ ተጠርታ ነበር። በአሮጌው ጎማ ሄጄ ዳገቱን በደንብ ላየውና እወስናለሁ ብላ ለይልቃል ነገረችው። ይልቃል ንፋስ እየሞላላት ቀና ብሎ አያት።

«ዶክተር፣ በዚህ ጎማ ቀዩን ዳገት ከወጣሽ እኔ ሱቄን ዘግቼ ከብት አክማለሁ።»

«ከብቶቹ ምን በደሉህ?» አለችውና ሞተሯን አስነሣች።

ዳገቱ ሥር ስትደርስ ረፋድ ሆኗል። ትንሽ እንደወጣች የኋላው ጎማ ባለበት መሽከርከር ጀመረ፤ ሞተሩ እንደደከመ ግመል ቀስ ብሎ በጎኑ ተኛ። እሷም አብራው ተኛች። ተነሥታ ሱሪዋን ስታራግፍ ከባምባሲ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች ደረሱ፤ የተሸጠው ማንጎ ተራግፎ በጨውና በዘይት የተተካበት ኩንታልና ዘንቢል ተሸክመዋል። ማንም የጠየቃት የለም። እንደ ወትሮው ሸክማቸውን አውርደው ሞተሩን አቃኑ፤ ከዚያ ሸክሙን ከኋላ ወንበሩ፣ ከማቀዝቀዣ ሳጥኑና ከሻንጣው ላይ በገመድ አስረው ይገፉ ጀመር።

የዳገቱ ደንብ ይኸው ነው። እግረኛው ይገፋል፣ የእግረኛው ሸክም ይጋልባል፤ ጫፉ ላይ ሸክም ይራገፋል፣ ሁሉም በየመንገዱ ይሄዳል። አይሱዙም ቢሆን፣ አህያም ቢሆን እንዲሁ ነው። ቀነኒ ደንቡን ካወቀችው ቆይቷል፤ ግን እንደ ቅጣት ነበር የምትቆጥረው።

መሀል ላይ ሳሉ በሞተር ሰው የሚያመላልስ ሻዕባን የተባለ ወጣት ጥርሳም ጎማ ገጥሞ እያጓራ መጣና ጭቃውን እየረጨባቸው አለፈ። አልቆመም፣ መቆምም አላስፈለገውም። ቀነኒ ጎማውን በቅናት ዐየችው። ሆኖም ከላይ ካለው መታጠፊያ ደርሶ ፊቱ ተንሸራተተና ቦይ ውስጥ ገባ። ሴቶቹ አጠገቡ ሲደርሱ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሰላምታ ሰጡት። አዴ ቡሴ የሚባሉት፣ የሁሉም ታላቅ፣ ቆም ብለው እንኳ ጠየቁት።

«ሻዕባን፣ ደህና ዋልክ? ጎማህ ደህና ነው?»

መልሱን ሳይጠብቁ መግፋታቸውን ቀጠሉ። ሴቶቹ በሳቅ ሞተሩን ሊለቁት ምንም አልቀራቸውም። ሻዕባን ራሱ እየተሳደበም እየሳቀም ቦዩ ውስጥ ቀረ፤ ኋላ ላይ ከታች የመጡ ገበሬዎች አወጡት።

አዴ ቡሴ እየገፉ ያወራሉ፤ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሴት አይደሉም። ፍየላቸው ከየካቲት ወዲህ ሁለተኛ ጊዜ እንዳስወረደች ነገሯት። ከኋላ ያለችው ማንጠግቦሽ የምትባል የሠፈራ መንደር ሴት የአህያዋ ጀርባ ቆስሎ እንደተላ ጨመረች። ሌላዋ ደግሞ ከወንዝ ማዶ ያለ አማቷን የከሱ በሬዎች እንድታይላት ጠየቀች፤ ሰውየው ስልክ የለውም፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ቤት አይጠፋም።

ቀነኒ መሪውን እንደያዘች ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረች። በሚያዝያ መጀመሪያ የጠራት ማን ነበር? የአዴ ቡሴ ጎረቤት። የት ተዋወቁ? እዚህ። ከዚያ በኋላ የደወለው ባለ ጥጃውስ? ሚስቱ ዘይቷን እዚህ ሞተር ላይ ጭናለች። ዛሬ የምትሄድበት የከሳው በሬ ባለቤት ስልኳን ያገኘው ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጭቃ ውስጥ ሞተሩን ከገፋችው ሴት ልጁ ነው። አንድ በአንድ ብትቆጥራቸው ዳገቱን ያልነካ የለም። እሷ እስካሁን በጥር ያልጠሯት ከብት ስላልታመመ መስሏት ነበር። በጥር ከብት አይታመምም ያለው ማነው?

ጫፉ ላይ ደርሰው ሸክሙ ሲራገፍ አዴ ቡሴን ጠየቀቻቸው። ፍየሏ መጀመሪያ ያስወረደችው በየካቲት ከሆነ፣ እሷም በየካቲት በዚሁ መንገድ ስትመላለስ ከነበረ፣ ለምን አልጠሯትም?

አዴ ቡሴ ጥያቄው የገረማቸው መሰሉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እንዴት ብዬ ልጥራሽ? እኔ ያኔ የማየው አቧራሽን ነው።»

ኩንታላቸውን አዝለው ሄዱ። ቀነኒ አልተነካችም፣ ዓይኗም እንባ አላቀረረም። የተሰማት ለወራት አልወጣ ያላት ሒሳብ ድንገት ሲወጣላት የሚሰማት ነገር ነው፤ ደስታው የዚያ ዓይነት፣ ንዴቱም የዚያ ዓይነት። ኔትወርክ የሚይዘው ጫፉ ላይ ስለሆነ እዚያው ቆማ ሐጂ ጋ ደወለች። ግማሽ በግማሹን አለች። ሐጂ ዝናብ ገብቷል እኮ ብለው ሊከራከሩ ሲጀምሩ አቋረጠቻቸው፤ ጥርሳም የገጠመው ሻዕባን ቦይ ውስጥ ገብቷል፣ ለጥርሳሙ ገዢ ከፈለጉ እሱን ይጠይቁት አለች። ሐጂ ሳቁና ኸላስ ብለው ዘጉት።

ሐሙስ ጎማው በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጣ። ይልቃል አሮጌውን ከቸርኬው እየፈለቀቀ ሲያጉረመርም ዋለ። በመንገዱ አብዛኛው ላይ ልክ እንደሆነች አመነላት፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ጥርሳም ይዞ መጋለብ ራስን መጥላት ነው አለ። እሱ ያልገባው ዳገቱ ነው።

«በዚህ እኮ አትወጪውም፣ ዶክተር።»

«አልወጣውም። ይገፉኛል።»

ይልቃል ቁልፉን ይዞ ቆመ። ገንዘብ ሰጥቶ፣ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ ሰው እንዲገፋው ብሎ ጎማ የሚገዛ እስከዛሬ አላየም። እሷም አላብራራችለትም፤ ማብራራት ጊዜ ይወስዳል። የጎማው የውስጥ ካላማዳሪያ እንዳይቆነጠጥ እንዲጠነቀቅ ብቻ ነገረችው፣ እሱም ሥራዬን አታስተምሪኝ ብሎ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ሰኔ ሲጋመስ የስልኳ ጥሪ ከምትደርስበት በላይ ሆነ። ቢሮ ሄዳ ወንበሩን ለሌላ እንዲሰጡት ለአለቃዋ ነገረቻቸው። እንደሚያዝኑ ጠብቃ ነበር፤ አላዘኑም፣ ይልቁንም ወንድማቸው ሆሞሻ ያለውን ላም መቼ እንደምታይለት ጠየቋት።

በዚያው ወር መጨረሻ ዝናቡ ለጥቂት ቀናት ተወ። ዳገቱ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ አዲሱ ጎማ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ሆኖ ጠበቃት። ሥሩ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ጥግ ይዘው ቆሙላት፤ ለማሳለፍ ነው፣ አንዳንዷም አቧራውን ፈርታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ቀነኒ ሞተሩን አጠፋች።

ማንጠግቦሽ ቀረብ ብላ ተበላሸብሽ እንዴ አለቻት።

«አልተበላሸም። ጫኑ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ኩንታሏን አመጣች፣ ሌላዋም ተከተለች፤ ገመዱ ሲጠብቅ ቀነኒ በቀስታ አስነሥታ በእግረኛ ፍጥነት ሽቅብ ጀመረች፣ እነሱም እጃቸውን ሳያሳርፉበት ግራና ቀኝ እያወሩ አጀቧት። መታጠፊያው ሳይደርሱ ከቀበሌው ማዶ ስላለ አንድ መብላት ያቆመ ጥጃ ሰማች።